በወገብ ቱቦ የተገኘ ጀግንነት

እኔ በሕይወቴ ጀግና የሆንኩት ለሁለት ቀን ብቻ ነው። ሁለቱንም ቀን ያሳለፍኩት ጅማ ውስጥ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ነው። ጦር ሜዳ ሳልውል፣ ሌባ ሳላባርር፣ ሚስቴን እንኳ ቀና ብዬ ሳልቆጣ ጀግና ሆንኩ። እንዴት እንደተሾምኩና እንዴት እንደተሻርኩ ልንገራችሁ። ሰምታችሁ ብትታዘቡኝ አልቀየምም፤ እኔ ራሴን ከታዘብኩ ቆይቻለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። እዚሁ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ፣ ከባጃጅ ጥገናው ጎን ያለችው ጠባብ በር የእኔ ናት። የልብስ ሰፊ ሥራ ግማሹ መስፋት፣ ግማሹ መስማት ነው። ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ሰው ሱሪው እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ ያወራል፤ ሲሄድ ሱሪውን ይዞ ወሬውን ለእኔ ትቶ ይሄዳል። በዚህ ዓይነት ከሃያ ዓመት በላይ ተምሬ የማላውቀው ነገር የለም። ፍርድ ቤት አውቃለሁ፣ ፖለቲካ አውቃለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ሕክምና አውቃለሁ። የስኳር በሽተኛ የሚበላውን፣ ደም ግፊት ያለበት የማይበላውን፣ የትኛው ሐኪም እጁ ቀላል እንደሆነ፣ የትኛው መርፌ ሰው እንደሚያበላሽ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ደመወዝ አልነበረኝም እንጂ መምህር ነበርኩ።

ባለፈው ጥቅምት ይኸው መምህር ሐሞቱ ውስጥ ጠጠር ተገኘበት። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አየና፣ «ብዙ ነው፤ ከረጢቱ ከነጠጠሩ ይውጣ» አለ። ባለቤቴ አስናቀች ደንግጣ ያለቀሰች መስሎኝ ዞር ስል፣ «አሸዋም ቢገኝበት ኖሮ ኩሽናውን እናስፋው ነበር» አለችኝ። የእሷ ድንጋጤ በቀልድ ነው የሚወጣው፤ የእኔ ደግሞ፣ እንደምታዩት፣ በእውቀት።

ከኦፕራሲዮኑ አንድ ቀን አስቀድሞ ተኛሁ። አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ አባ ኦሊ የሚባሉ ጅማ አጠገብ ካለችው ከደዶ የመጡ ቡና ገበሬ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ትልልቅ እጅ ያላቸው ሰው። ገና ሻንጣዬን ሳስቀምጥ ነው ያናገሩኝ።

«አንተ ምንህን ነው?»

«ጠጠር ነው፣ ሐሞቴ ላይ። እርስዎስ?»

«እኔም ጠጠር ነው፣ ኩላሊት ላይ። ማሎ! በእኔና በአንተ ኮብልስቶን ሊያነጥፉ ነው እንዴ?»

ተሳሳቅን። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «ኦቦሌሳ ኮ» ይሉኝ ጀመር፣ ወንድሜ ማለታቸው ነው፤ «ማሎ» ደግሞ እባክህ እንደማለት ናት። እኔ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ አንቱ ብዬ፣ በእውቀት ስለምበልጣቸው ደግሞ እየመከርኩ ከሰዓቱን አሳለፍን።

አመሻሹ ላይ የማደንዘዣ ባለሙያዋ መጣች። ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ረጋ ያለች ወጣት ናት። ሁለታችንም በማግስቱ እንደምንገባ ነገረችንና እንዲህ አለች፦

«በወገባችሁ በኩል በጣም ቀጭን ቱቦ እናስገባለን። ከኦፕራሲዮኑ በኋላም ለጥቂት ቀን እዚያው ትቆያለች። በእሷ በኩል ሞርፊን በትንሽ በትንሹ እንሰጣችኋለን። ሕመሙ ይቀንስላችኋል፣ እንደ ልባችሁ ትተነፍሳላችሁ፣ ታስላላችሁ። ሊያሳክካችሁ ይችላል፣ ሽንትም ሊያስቸግራችሁ ይችላል፤ እሱን እንከታተላለን። አስቡበትና ልመለስ።»

እሷ ከበሩ ሳትወጣ እኔ ትምህርት ጀመርኩ።

«አባ ኦሊ፣ በወገብ መርፌ እንዳይቀበሉ።»

«ለምን?»

«ሽባ ያደርጋል።»

«ወላሂ?»

«አውቃለሁ ስልዎት!»

የማውቀው ምን መሰላችሁ? አንድ ጃኬት ሊያስጠብብ የመጣ ሰው የጎረቤቱን አማች ታሪክ ነግሮኛል። ሰውየውን እኔም አላየሁት፣ ጃኬት አስጠባቢውም አላየውም፤ ምናልባት ጎረቤቱም አላየው ይሆናል። እኔ ግን እግሩን እንዴት ይጎትት እንደነበር ሁሉ ተርኬ አሳየኋቸው። ሞርፊንንም ጨመርኩበት፤ «አንዴ ከቀመሱት እየለመኑ መኖር ነው» አልኳቸው።

አባ ኦሊ ጺማቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ።

«ቡናው ቀልቷል» አሉ በመጨረሻ። «ለቀማው በሩ ላይ ነው። ሽባ ሆኜ ዛፍ ሥር ልቀመጥ? አይሆንም።»

ባለሙያዋ ስትመለስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በትሕትና፣ «ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ፣ የወገቡ ይቅርብኝ። ይህ ወንድሜ ያውቃል» አሏት። እሷ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ውስጥ የነበረውን ነገር ያኔ ንቀት ብዬ ተቀየምኩት፤ ኋላ ሳስበው ድካም ነው።

«እርስዎስ ጋሼ?»

«እኔም ይቅርብኝ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

በማግስቱ ጠዋት ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። የኦፕራሲዮን ክፍል ብርድ እንዳለው ማንም ደንበኛ ነግሮኝ አያውቅም። አልጋዋ ጠባብ ናት፣ መብራቱ ዓይን ያወጣል፣ ከአንድ ጥግ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማል። ያቺ ወጣት ጎንበስ ብላ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ቁስል ከጎድን አጥንት ሥር ነው የሚሆነው። በተነፈሱ ቁጥር ያምዎታል። እውነት አይፈልጉም?» አለችኝ።

«በተነፈስኩ ቁጥር?»

«በተነፈሱ ቁጥር።»

«ሰው በቀን ስንት ጊዜ ነው የሚተነፍሰው?»

ሳቋን ዋጠችው። «ሽባ ያደርጋል የሚሉትስ?» አልኳት። ጉዳት የሚደርሰው እጅግ አልፎ አልፎ መሆኑን፣ እግር ቢደነዝዝ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚመለስ፣ ለዚህም እየመጡ እግሬን እንደሚፈትሹ አስረዳችኝ። ሳትጨርስ ቁጭ ብዬ፣ ትራስ አቅፌ፣ ጀርባዬን እንደ ድመት ቆልምሜ ሰጠኋት። ከሃያ ዓመት በላይ ያካበትኩት እውቀት የፈረሰው አንድ ሸሚዝ ለመተኮስ በሚፈጅ ጊዜ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ልቁምና አንድ ነገር ልናገር። ያኔ አባ ኦሊ በኮሪደሩ ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። «እባክሽ ልጄ፣ ሐሳቤን መቀየሬን ለእሳቸውም ንገሪልኝ» ማለት እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ናት። ምላሴ ላይ መጣች። አፈርኩና መልሼ ዋጥኳት።

ስነቃ ሕመም የለም። ሆዴ መቀደዱን አውቃለሁ፣ ፋሻውንም አያለሁ፤ ነገሩ ግን ጎረቤት ቤት እንደተነሳ ጠብ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም። ቱቦዋ ከወገቤ ተነስታ በጀርባዬ ላይ በፕላስተር ተለጥፋ እስከ ትከሻዬ ትደርሳለች። አስናቀች ጋቢዬን አለበሰችኝ፤ ቱቦዋን ማንም አያያትም።

ትንሽ ቆይቶ አባ ኦሊን እየገፉ አመጧቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ከአልጋ አልጋ ሲያዛውሯቸው ትንፋሻቸው ተቆረጠ፤ ድምፅ ግን አላወጡም። ሰው ሲርቅ ቀስ ብለው አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ኦቦሌሳ… አንተንም እንዲህ ያምሃል?»

እውነቱን የምናገርበት ሁለተኛው ዕድል ይህ ነበር። እኔ ምን አልኩ?

«ምኑን አባ ኦሊ! ወንዶች አይደለን እንዴ? ቻል ሲያደርጉት ይተዋል።»

አፌ ነው የተናገረው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እኔ ነኝ።

በማግስቱ የእድራችን ሰዎች ሊጠይቁኝ መጡ። ከበሩ ጀምሮ ከንፈራቸውን ለመምጠጥ አዘጋጅተው ነው የገቡት። እኔ ቀና ብዬ ተቀምጬ፣ «ኑ ግቡ፣ ለምን ትቆማላችሁ?» ስላቸው ግማሾቹ ቅር አላቸው። ሰው ሊያዝን አስቦ መጥቶ የሚያዝንለት ሲያጣ እንግዳ ይሆናል። በኋላ ግን ኀዘናቸውን ወደ አድናቆት ለወጡት። የእድሩ ሊቀመንበር ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ሐሞቱን አውጥተውለት እንዲህ ሐሞተ ኮስታራ የሆነ ሰውዬ፣ ሐሞቱ ባይወጣ ኖሮ ምን ሊሆን ነበር?» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ እንኳ አላመመኝም። አባ ኦሊም ሊስቁ ሞከሩ። ጎናቸውን በሁለት እጃቸው ያዙና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

እሳቸው ጠያቂ አልነበራቸውም። ቤተሰቡ በሙሉ ለቀማ ላይ ነው፤ እህታቸው ብቻ ጠዋት አጥሚት አድርሳ ትመለሳለች። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት እኔን ነው።

ያቺ ባለሙያ ቱቦዋ ውስጥ መድኃኒቱን ልትሰጠኝ ስትመጣ፣ «እባክሽ መጋረጃውን ሳቢልኝ፣ አፍራለሁ» እላለሁ። መጋረጃው ሲከፈት አባ ኦሊ፣ «ምንድነው የሰጠችህ?» ይሉኛል። «ቫይታሚን ነው» እላለሁ። ነርሷ ሲስተር ሀዊ በየሰዓቱ እየመጣች ደረቴን እያየች ትንፋሼን ትቆጥራለች፤ ሞርፊን ትንፋሽ ያዘገያል ተብሎ ነው። «እኔን ለምን አትቆጥረኝም?» ሲሉኝ፣ «የእርስዎ ደህና ስለሆነ ነው» አልኳቸው። የእሳቸው ትንፋሽ እኮ ማንም ሳይቆጥረው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነበር። ሕመሙን ፈርተው ከላይ ከላይ ብቻ ነበር የሚስቡት።

ሲስተር ሀዊ በዞረች ቁጥር ትጠይቃቸዋለች፦ «አባ ኦሊ፣ ያምዎታል? ካመመዎት መርፌ ታዞልዎታል።»

እሳቸው መጀመሪያ እኔን ያያሉ። እኔ ፈገግ ብዬ ተቀምጫለሁ። ከዚያ፣ «አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። እሷም ሥራ የበዛባት ሰው ናት፣ አመስግና ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ግንባራቸው ላይ የነበረውን ላብ አይቻለሁ። አላየሁም ብል ይህን ሁሉ ማውራቴ ምን ይረባል?

መድኃኒቱ ግን ዝም ብሎ አልማረኝም። መጀመሪያ አፍንጫዬን አሳከከኝ። ከአፍንጫዬ ወደ ግንባሬ፣ ከግንባሬ ወደ ደረቴ ወረደ። እድርተኞቹ ፊት በሁለት እጄ ስፎክት ሊቀመንበሩ ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። አስናቀች ከብርድ ልብሱ ተባይ የያዘኝ መስሏት በሳሙና አሸችኝ። አባ ኦሊ ግን የራሳቸው ማብራሪያ ነበራቸው።

«ሕመሙን ዋጥ ስላደረገው ነው» አሏት በአድናቆት። «መውጫ አጥቶ በቆዳው እየወጣ ነው።»

ከዚያ ሽንቱ መጣ፤ አልመጣም ማለቴ ነው። የሽንት ቱቦው ከወጣልኝ በኋላ ፊኛዬ እንደ ኳስ ተነፍቶ ጠብታ እምቢ አለ። አስናቀች የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ከፍታ፣ ልጆቻችንን በሕፃንነታቸው ታደርግ እንደነበረው፣ «ሽሽሽ» ትለኝ ጀመር። አምስት አልጋ ሙሉ ሕመምተኛ ጸጥ ብሎ ውጤቱን ይጠብቃል። አባ ኦሊ ዱዓ አደረጉልኝ። በቁርጥ ትንፋሻቸው፣ እጃቸውን በግድ ከፍ አድርገው፣ ለእኔ። በመጨረሻ ሲስተር ሀዊ የሽንት ቱቦውን መልሳ አስገባችው። ያን ጊዜ አፍሬ ሁሉን ብናገር ምን ነበረበት? ሦስተኛ ዕድል ነበር። እሱንም አሳለፍኩት።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ማሳከኩ ጀርባዬ ላይ ወጣ። እጄ አይደርስም። አስናቀች አልመጣችም። ቀስ ብዬ ቁጭ አልኩና፣ ላም በግንድ እንደምትታከክ፣ ጀርባዬን ከአልጋው ብረት ጋር ወዲህና ወዲያ አሸሁት። እንዴት ያለ ደስታ ነበር! ፕላስተሩ እየተላጠ መሆኑን አላወቅሁም።

አስናቀች መጣች። ፊቴን አጠበችኝ፣ ጋቢዬን ልታስተካክል ከኋላዬ ዞረች። እንግዲህ ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ የልብስ ሰፊ ሚስት ናት። ከቤት ስወጣም ስገባም ከጀርባዬ፣ ከአንገትጌዬ ክር ሳትለቅም ቀርታ አታውቅም። እጇ ራሱ ያውቀዋል፤ እሷ አታስብበትም።

«አይ አንተ» አለች፣ «እዚህም ክር ተሸክመህ መጣህ?»

ሳብ አደረገችው። ሳብ። ሳብ። «ረጅም ነው ደግሞ» አለች። ጠቅልላ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። እኔ ምንም አልተሰማኝም፤ መድኃኒቱ ገና አላለቀም።

ብዙም ሳይቆይ ባለሙያዋ መርፌዋን ይዛ መጣች። መጋረጃ ሳቢልኝ ለማለት አልደረስኩም፤ ጋቢውን ገልጣ ቆመች።

«ቱቦዋ የታለች?»

«የቷ ቱቦ?» አለች አስናቀች።

«እዚህ ጋ የነበረችው። እንደ ክር ቀጭን የሆነችው።»

አስናቀች እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ አልቀርም! ጣልኳት እኮ!»

ባለሙያዋ ቅርጫቱን ቆፍራ አወጣቻት። ጫፏ ሳይቆረጥ በሙሉ መውጣቷን በብርሃን አዙራ አየች፣ ወገቤን ፈተሸች፣ እግሬን አንቀሳቀሰች፣ ተነፈሰች። ሌላ ለማስገባት ዕቃው እንደሌለና ከእንግዲህ ጭኔ ላይ በሚወጋ መርፌ እንደምንቀጥል ነገረችኝ። ያን ጊዜ ከጎናችን ድምፅ መጣ።

«ልጄ» አሉ አባ ኦሊ፣ «ቱቦዋ ምን ነበረች?»

«የሕመም ማስታገሻዋ ናት አባቴ። ያን ቀን ለእርስዎ ስነግርዎት እምቢ ያሉኝ።»

አባ ኦሊ እኔን አዩኝ። እኔ ኮርኒሱን አየሁ። ኮርኒሱ ላይ ዝናብ ያስገባበት ቡናማ ቦታ ነበር፤ ቅርጹን እስከ ዛሬ መሳል እችላለሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሕመሙ መጣ። ለሁለት ቀን ጎረቤት ቤት የነበረው ጠብ በሬን ሰብሮ ገባ። ልጅቷ እውነቷን ነበር፣ በተነፈሱ ቁጥር ነው። ትንፋሼን ልይዝ ሞከርኩ፤ ስለቀው ባሰ። ከዚያ ጮህኩ። የእናቴን ስም፣ የማርያምን ስም፣ ድሮ የሞተችውን የአክስቴን ስም ጠራሁ። የእድሩ ሊቀመንበር ከበሩ ላይ ብርቱካን ይዘው ሲገቡ ሰምተው ደርቀው ቆሙ።

በጩኸቴ መካከል ሌላ ድምፅ ሰማሁ። አባ ኦሊ ናቸው። የሁለት ቀኑን አጠራቅመው ነበር።

«ሲስተር! ማሎ ሲስተር! እኔንም ያመኛል! ከመጀመሪያውም ሲያመኝ ነበር!»

ሲስተር ሀዊ እየሮጠች መጣች። መጀመሪያ ለእሳቸው ስጪ አልኩ ብዬ ብነግራችሁ እንዴት ባማረ ነበር! ጭኔን ገልጬ ጠበቅኋት። እሷ ግን አልፋኝ ሄደች፣ እሳቸው ጋ። ከወጋቻቸው በኋላ ትንሽ ቆይተው ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። በሁለት ቀን ውስጥ የመጀመሪያው ሙሉ ትንፋሽ እሱ ነበር። ተከትሎ ሳል መጣ፤ ሳሉ አላቆመም።

ሐኪሙ በማግስቱ ደረታቸውን አዳመጠና ሳንባቸው መጠቃቱን ተናገረ። «ሕመሙን ፈርተው በደንብ ስላልተነፈሱና ስላላሳሉ ነው» አለ ለተማሪዎቹ። እኔን አላየም፤ ምን ብሎ ያየኛል? በሳምንቴ ወጥቼ ቤቴ ስሄድ እሳቸው ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ ተደርጎ፣ በትኩሳት ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «አላህ ያሽርዎት» አልኳቸው። አንድ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ አነሱ። ሰላምታም ሊሆን ይችላል፣ ሂድ ማለትም ሊሆን ይችላል።

ታኅሣሥ ላይ ደዶ ሄድኩ። ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ በዓይኔ ለክቼ ወፍራም ኮት ሰፍቼላቸው ነበር። ዓይኔ በልክ ተሳስቶ አያውቅም። አባ ኦሊ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሲለብሱት ኮቱ በትከሻቸው ወርዶ እንደ ድንኳን ተንጠለጠለ። ግማሽ ሰው ሆነዋል። ከቤቱ ኋላ ቡናው ይታያል፤ የሚመራው ሰው አጥቶ ግማሹ ቅርንጫፉ ላይ ጠቁሮ ደርቋል፣ ግማሹ ምድር ላይ ረግፏል።

«ላጥብበው» አልኩ፣ ኮቱን እያየሁ።

«ተወው፣ እኔው ወፍሬ እሞላዋለሁ» አሉ።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ። ስለ ጃኬት አስጠባቢው ሰውዬ፣ ስለ ጎረቤቱ አማች፣ ስለ ኦፕራሲዮን ክፍሉ ብርድ። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«መርፌውን ይቅር ብዬሃለሁ» አሉ። «የሰማኸውን ነው የነገርከኝ፣ ሰው ይሳሳታል። አንተ ተቀብለህ እኔን መተውህንም ይቅር ብያለሁ፣ ፈርተህ ነው። ግን ኦቦሌሳ፣ እኔ ያማል ወይ ብዬ ጠየቅሁህ። ሁለት ቀን ሙሉ እኔ ብቻ ወንድ እንዳልሆንኩ ነበር የማስበው። ልጆቼ ቢያዩኝ ብዬ አፈርኩ፤ አላህንም አፈርኩ። ‹ያማል› ብትለኝ ምን ነበረበት? አንዲት ቃል!»

የሰጡኝን ወተት ጠጥቼ ተነሳሁ። እየተደገፉ እስከ አጥሩ ሸኙኝ። እዚያ ቆም ብለው ሆዴን በዓይናቸው አመለከቱ።

«አሁንስ? ቁስልህን ያምሃል?»

ቁስሌ ከዳነ ቆይቷል። ያን ቀን ጠዋት የዱቄት ጆንያ ተሸክሜ ነበር።

«በጣም» አልኳቸው። «ሌሊት ሁሉ አያስተኛኝም።»

አባ ኦሊ ፊታቸው ፈካ። ከጥቅምት ወዲህ ያየሁት የመጀመሪያው ፈገግታቸው ነው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና፣ «አይዞህ፣ እኔንም እንደዚያው ነው» አሉ። ከዚያ ዞረው፣ ኮቱ እየተንጓለለባቸው፣ ቀጥ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ።